ታንኳ፦ ከማገዶ ጭነት ወደ ጎብኝዎች መንሸራሸሪያ

ከግንደ ወይን፣ ከሞጣ ወይም ከቢቸና ለሕክምና አልያም ለጉዳይ ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሰው ጣና ዳር አረፍ ሲል፣ ከሞተር ጀልባዎቹ መካከል ጫፏ ወደ ላይ ቀና ያለ፣ የደረቀ ሣር የመሰለች ቀጭን መንሳፈፊያ ያያል። ታንኳ ናት። ዛሬ ጎብኝዎች ፎቶ ያነሷታል፤ ከፍለውም ይንሸራሸሩባታል። ጥንተ ሥራዋ ግን ጭነት ነው።

በዘጌ ማረስ በልማድ የተከለከለ ነው። ነዋሪው ከደኑ ቡናና ማገዶ አውጥቶ፣ በታንኳ ጭኖ፣ ለሰዓታት እየቀዘፈ ባሕር ዳር ገበያ ያደርስና እህል ይሸምት ነበር። በሬና ሞፈር ለጎንቻ ሲሶ እነሴ አርሶ አደር ምን እንደሆኑ፣ ታንኳም ለዘጌው እንዲሁ ነበረች።

ታንኳ የምትሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፤ እስሮቹም ጎን ለጎን በገመድ ይጠፈራሉ። ሚስማር የለባትም። የደንገሉ ውስጥ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ በመሆኑ ይንሳፈፋል። እንደ እንጨት ጀልባ ውኃን አታግድም፤ ውኃው በእስሮቹ መካከል ይገባል። ስለዚህ ቀዛፊውና ጭነቱ የሚያርፉት ከላይ በተደረበ ሌላ የደንገል ንጣፍ ላይ ነው። ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥታ ካልደረቀች ውኃ ጠጥታ ትከብዳለች፤ ቢበዛ ጥቂት ወራት አገልግላ በአዲስ ትተካለች። በዚህ ጥበብ ከሁሉ በላይ ስማቸው የሚነሣው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው።

የጣና ደንገል ዝና ውቅያኖስም ደርሷል። በ1961 ዓ.ም ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣባት «ራ» የተሰኘች መርከብ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ሠሪዎቿ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ።

ሞተር ጀልባና መንገድ እየተስፋፉ ሲመጡ የታንኳ ጭነት ቀነሰ። ወደ ገዳማቱ የሚሄደውን ጎብኝም በአብዛኛው የሚያደርሰው ሞተር ጀልባ ነው፤ ለታንኳ የቀረላት በዳርቻው አጭር ሽርሽርና ለማስታወሻ የሚሸጥ ትንሽ ምስሏ ነው። ገቢው ለሠሪዎቹ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ለሽርሽር ቀላል ታንኳ ትበቃለች፤ ከባድ ማገዶ የምትሸከመውን የመሥራት ዕውቀት ፈላጊ ካጣ ከአዛውንቶቹ ጋር ይሄዳል።

ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ደንገሉ ራሱ ነው። ውኃው ሲሸሽ ዳርቻው ይታረሳል፤ ደንገሉም ይመነጠራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በሐይቁ የታየው እምቦጭም ዳርቻውን ይሻማል። ደንገል ደለል ያጣራል፤ ለዓሣም መጠለያ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ታንኳ ሠሪው ግን ደንገል ለማግኘት ከቀድሞው ይበልጥ ርቆ መቅዘፍ ግድ እየሆነበት ነው።