ቁርጥማቱንም ለሐኪም ንገሩ

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አካባቢ ጉልበት ሲያመን «ብርድ ነው»፣ ወገብ ሲይዘን «የእርሻ ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ልክ ነን። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ላለ ሰው ግን ነገሩ በዚህ መታለፍ የለበትም ባይ ነኝ።

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎች ዕድሜ አግኝተዋል። ከዕድሜ ጋር የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ይመጣል፤ መንስኤው ግን ዕድሜ ብቻ አይደለም። ቫይረሱ ራሱ መገጣጠሚያን ሊያስቆጣ ይችላል። ዚዶቩዲን የተባለው የቆየ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጡንቻ ሊያደክም ይችላል። የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከትኩሳትና ከሌሊት ላብ ጋር ከመጣ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት።

እኔን የሚያሳስበኝ ዝምታው ነው። ከገጠር የመጣ ሰው መድኃኒቱን ተቀብሎ መኪና እንዳያመልጠው ይሮጣል፤ ቁርጥማቱን ሳይናገር ይመለሳል። ከዚያ ዲክሎፌናክ ገዝቶ ይውጣል። ቴኖፎቪር ያለበትን ክኒን ለሚወስድ ሰው ይህ ማስታገሻ ሲደጋገም ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ሌላው «ክኒኑ ነው ያመመኝ» ብሎ ያቆማል፤ ያኔ ቫይረሱ ያገረሻል፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል።

እናንተ ስልክ የያዛችሁ ልጆች፣ ቤታችሁ ውስጥ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ አንድ ነገር አግዙት። የት እንደሚያመው፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን ማስታገሻ እንደሚወስድ ስልካችሁ ላይ ጻፉለት። የቀጠሮው ቀን አብራችሁት ሂዱና ለሐኪሙ አንብቡለት። ክኒኑን ግን ሐኪም ሳያዝ እንዳያቆም።