ከላይተር ብልጭታ እስከ ፀሐይ መብራት

ከጎንደር ተነስቶ ደባርቅን ያለፈ መንገደኛ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሶ ዛሪማ ሲደርስ የደጋው ብርድ ቀርቶ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። እኔም ባለፈው ጉዞዬ እዚያ ሻይ ልጠጣ አረፍ ብዬ ነበር። ባለቤቷ ከሰል ሊያያይዙ ላይተራቸውን «ቀጭ» ሲያደርጉ፣ «እትዬ፣ ይኼ ላይተር ድንጋይም ባትሪም የለው፤ እሳቱን ከየት ያመጣዋል?» አልኳቸው። «እኔ ምን አውቄ ልጄ! ሲጫኑት ይበራል» አሉኝ።

መልሳቸው ትክክል ነው፤ ምስጢሩ መጫኑ ላይ ነው። በላይተሩ ውስጥ ትንሽ ሴራሚክ አለች። ስንጫን በሞላ የምትወነጨፍ መዶሻ ትመታታለች፤ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠርና ብልጭታ ይዘላል። ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ጠባይ ፒየዞኤሌክትሪክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1880 የደረሱበት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክ እና ፒየር ኩሪ ናቸው።

ጠባዩ በተቃራኒውም ይሠራል። በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ የሚንሸራተተው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ይልካል፤ ከፅንሱ የተመለሰው ድምፅ ሲነካው ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ምስሉ የሚሠራው ከዚህ ነው።

ከእነዚህ ክሪስታሎች አንዳንዶቹ ፌሮኤሌክትሪክ ናቸው። ልዩነቱን በቤታችን ዕቃ እንየው። ፍራሽ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የበር መቀርቀሪያ ግን የገፉት ቦታ ይቀራል። በፌሮኤሌክትሪክ ክሪስታል ውስጥም በኤሌክትሪክ የተገፋው የአቶሞች አሰላለፍ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም እንደተገፋ ይቆያል፤ በተቃራኒ ሲገፋም ይገለበጣል።

በላይተሩና በአልትራሳውንዱ ውስጥ ያለው ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ ፔሮቭስካይት ከሚባል የክሪስታል ቤተሰብ ነው። አሁን ዓለምን ያነጋገረው የዚሁ ቤተሰብ አባል ሃላይድ ፔሮቭስካይት ሲሆን፣ በገበታ ጨው የምናውቀው አዮዲን ወይም ዘመዱ ብሮሚን ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓኑ ሱቶሙ ሚያሳካ እና ባልደረቦቹ የፀሐይ ሴል ሲሠሩበት ከብርሃኑ ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው 3.8 በመቶ ብቻ ነበር። ዛሬ በቤተ ሙከራ ከ25 በመቶ አልፏል። ሲሊከን ለመቅለጥ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲፈልግ፣ ይኼኛው እንደ ቀለም ተቀብቶ በ100 ዲግሪ አካባቢ ይደርቃል። ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ዓይነቶችም ስላሉት፣ ከሰው እንቅስቃሴ ኃይል ለማግኘት እየተሞከረ ነው። ታዋቂው ዓይነት በእርግጥ ፌሮኤሌክትሪክ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ግን ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ተከራክረውበታል።

ይህ ለሻይ ቤቷ እናት ምን ያደርግላቸዋል? ልጃቸው ማታ የምታጠናው በፀሐይ መብራት ነው፤ የጣሪያው ፓነል መስታወት ግን ተሰንጥቋል። «ርካሽ ቢመጣ እለውጥላት ነበር» አሉኝ። ርካሹ ምናልባት ይህ አዲሱ ዓይነት ሊሆን ይችላል። እኔን ያሳሰበኝም እዚህ ላይ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ሃላይድ ፔሮቭስካይት እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት አለበት። የጽሕፈቱን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። በላይተሩ ሴራሚክ ውስጥም እርሳስ አለ፤ ነገር ግን በከፍተኛ ሙቀት ተጠብሶ ስለታሰረ በቀላሉ አይሟሟም። አዲሱ ግን ውኃ ሲነካው ይፈርሳል፤ እርሳሱም ከውኃው ጋር ሊሄድ ይችላል። ክረምት በሚያርሰው ጣሪያ ላይ፣ የጣሪያ ውኃ በባልዲ በሚጠራቀምበት ቤት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከዋጋው አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከምን ተሠራ? ውኃ እንዳይገባው እንዴት ታሸገ? ሲሰበር ማን ይረከበዋል? የተሰነጠቀ ፓነል፣ የየትኛውም ዓይነት ይሁን፣ የልጆች መጫወቻ አይሁን፤ ከመጠጥ ውኃም ይራቅ። አስመጪዎችም ዕቃውን ሲያስገቡ ስብርባሪውን የመረከብ ኃላፊነት አብረው ሊወስዱ ይገባል። ልጅ የምታነብበት ብርሃን አእምሮዋን የሚጎዳ መሆን የለበትም።