ልብን የሚመዝን ሚዛን

ቡሬ ገበያ ዛላ በርበሬ ሲመዘን ቆሞ ያየ ሰው የዚህን ጽሑፍ ግማሹን ያውቀዋል። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን የያዘ ነጋዴ በርበሬውን በአንዱ ሳህን ያደርግና በሌላው ትልቁን ብረት ያስቀምጣል። ብረቱ ከደፋ ያነሣዋል፤ በርበሬው ከደፋ ብረቱን እዚያው ትቶ ተከታዩን ይጨምራል። እንዲህ እያለ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይወርድና ሳህኖቹ ሲተካከሉ የብረቶቹን ድምር ይናገራል። ይኸው ዘዴ ሰው ደረት ላይ ከቆዳ ሥር በሚቀመጥ የልብ መሣሪያ ውስጥ በሰከንድ እስከ ሺህ ጊዜ ሊሠራ ይችላል። የሚመዘነው የልብ ኤሌክትሪክ ነው።

መሣሪያው ፔስሜከር ይባላል። የልብ ምት የሚነሣው በልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል ካሉ ጥቂት ሕዋሳት ነው። እነሱ ሲደክሙ፣ ወይም የሚልኩት ትእዛዝ መንገድ ላይ ሲቋረጥ፣ ልብ ትዘገያለች፤ ሰውም ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። ፔስሜከሩ በደም ሥር በኩል በተዘረጋ ሽቦ ልብን ይቀሰቅሳል። ሙሉ በሙሉ ሰው አካል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው እ.ኤ.አ. በ1958 (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስቶክሆልም አጠገብ በካሮሊንስካ ሆስፒታል ነው። መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት ሠራው፤ ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ ገጠመው፤ ታካሚው አርነ ላርሶን ተሸከመው። ያ የመጀመሪያው በሰዓታት ውስጥ ቆመ። ላርሶን ግን እስከ 2001 ኖረ፤ በዚያ ዘመን ሁሉ ከ20 በላይ መሣሪያ ተቀያይሮለታል። ይህን ቁጥር ባነበብሁ ቁጥር የሚታየኝ ደጋግሞ የተከፈተው ቆዳ ነው።

መሣሪያውን የሚያስቀይረው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት የሊትየም አዮዲን ባትሪ 2.8 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ አቅሙንም 1 አምፔር ሰዓት ብለን እንያዘው። 1 ዋት የምትፈጅ አምፖል ብናበራበት 3 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ፔስሜከሩ ግን በዚያው ባትሪ 10 ዓመት፣ ማለትም 87,600 ሰዓት፣ እንዲኖር ይጠበቅበታል። ሲካፈል ለአንድ ሰዓት የሚደርሰው 11 ማይክሮአምፔር ገደማ ነው፤ በኃይል ሲሰላ ወደ 32 ማይክሮዋት። የአንድ ዋት ሚሊዮንኛ 32 ጊዜ ማለት ነው።

ይህ ቀለብ በምን ያልቃል? ልብን የሚቀሰቅሰው ምት አንዱ 5 ማይክሮጁል ያህል ቢፈጅና በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ ከ6 ማይክሮዋት አይበልጥም። ደግሞም ጥሩ ፔስሜከር ልብ በራሷ ስትመታ ዝም ይላል። ዝም ለማለት ግን ማዳመጥ አለበት፤ ማዳመጡ ቀንም ሌትም አይቋረጥም። ለኔ የመሣሪያው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። መምታቱ ቀላል ነው፤ ሳይደክሙ ማዳመጥ ነው ከባዱ።

ከሽቦው ጫፍ የሚመጣው የልብ የኤሌክትሪክ ድምፅ ጥቂት ሚሊቮልት ነው፤ ሳይቆራረጥ እንደ ውኃ ይፈሳል። መሣሪያውን የሚያዘው ቺፕ ደግሞ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ፈሳሹን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ክፍል፣ ለዋጭ፣ ያስፈልጋል፤ እሱም የነጋዴው ሚዛን ነው። ብረቶቹ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ቢሆኑ፣ በስምንት ጊዜ ምዘና ብቻ ከ256 ደረጃዎች ትክክለኛው ይገኛል። እጥፍ በእጥፍ የሚያድጉ ብረቶች ለምዘና እንደሚበቁ ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ታርታሊያ በ1556 ጽፎ ነበር። (በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚባለው፣ አንዱን ቁጥር እጥፍ እያደረጉ ሌላውን እየገመሱ የማባዛት ዘዴም የዚሁ ዘመድ ነው።) በ1975 በርክሌይ የነበሩት ማክሪሪና ግሬይ የብረቱን ቦታ ለካፓሲተር ሰጡት፤ ካፓሲተርን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ጋን በሉት።

ቁጠባው የሚጀምረው ከነዚህ ጋኖች ነው፤ የቆጋን መስኖ የሚያውቅ ገበሬ ነገሩን ቶሎ ይይዘዋል። ኤሌክትሪኩን ውኃ፣ ቮልቱን የውኃው ከፍታ አድርገን እንየው። ከፍታው በግማሽ ሲቀንስ የውኃው መጠንም በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሚፈጀው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ጋኑን ማሳነስም ይጠቅማል፤ ከልክ ሲያንስ ግን የኤሌክትሪኩ የራሱ ንውጥውጥ ልኬቱን ያዛባል። ሌላው ብክነት ሞልቶ መድፋት ነው። ብረቱ ከብዶ በተነሣ ቁጥር የሞላው ጋን ይደፋል፤ መሐንዲሶች እንዳይደፋ የመቀያየሪያውን ቅደም ተከተል እየለወጡ ብዙ አትርፈዋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ልጓም የሌለው ማፍሰስ ነው። ቦዩ ከተሰነጠቀ፣ ገበሬው አጠጣም አላጠጣም፣ ውኃው መሄዱን አይተውም። የልብ ድምፅ ዝግ ያለ ስለሆነ ቺፑ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪኩን እንደ በር የሚከፍቱና የሚዘጉት ትራንዚስተሮቹ ግን ተዘግተውም ጥቂት ያሾልካሉ።

ይህን ሁሉ በአንድነት ያዩ የስዊድኑ የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ያሳተሙት ውጤት አለ። ለሚቀበሩ የሕክምና መሣሪያዎች ታስቦ የተሠራው ለዋጭ በሰከንድ 1,000 ጊዜ እየመዘነ የሚፈጀው 53 ናኖዋት ነው። ትእዛዝ ሰጪውን ክፍል በ0.4 ቮልት ብቻ አሠርተውታል። ያም ሆኖ ከ53ቱ ሩቡ በማፍሰስ የሚሄድ ነበር። ያንን የፔስሜከር ባትሪ ለለዋጩ ብቻ ብንሰጠው፣ ባትሪው ራሱ ባያረጅ ኖሮ፣ 6,000 ዓመት ያኖረዋል።

ሌሎች ሐሳቦች ደግሞ ሚዛኑን ራሱን ብልህ ያደርጉታል። የበርበሬ ነጋዴ ተመሳሳይ ጆንያዎችን ሲመዝን ለእያንዳንዱ ከትልቁ ብረት አይጀምርም፤ ያለፈውን ልኬት እንደነበረ ትቶ ልዩነቱን ብቻ ይፈልጋል። የልብ ድምፅም በሁለት ምት መካከል አይለዋወጥም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ካለፈው ልኬት ተነሥቶ የሚመዝን፣ ወይም ለውጥ ሲመጣ ብቻ የሚነቃ ለዋጭ ይሠራል። አንጎል ላይ ለሚቀመጡ መሰል መሣሪያዎች ደግሞ ጉዳዩ የባትሪ ብቻ አይደለም። ብዙ ሽቦዎች በአንድ ጊዜ ሲመዘኑ የሚባክነው ኃይል ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱም ሕዋሳትን ይጎዳል።

ይህን የምጽፈው ከጎጃም ሆኖ ለሚያነብ ሰው ነው። ባትሪ መቀየር ማለት ደረትን እንደገና መክፈት ነው፤ መሣሪያው በተቀየረ ቁጥር የማመርቀዝ ስጋቱ ይጨምራል። ከማንኩሳ ወይም ከጅጋ ለዚህ ሕክምና አዲስ አበባ የሚሄድ ገበሬ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ከደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። አስታማሚ ይዞ ይሄዳል፤ ማደሪያ ይፈልጋል፤ በሬዎቹን ለጎረቤት ይተዋል። አሁን ሒሳቡን እንመልሰው፦ ከ11 ማይክሮአምፔር 3ቱን ብናተርፍ ያ ባትሪ 10 ዓመት መኖሩ ቀርቶ 14 ዓመት ይኖራል። በ30 ዓመቱ መሣሪያው የገባለት ሰው ያንን መንገድ ዳግም የሚይዘው በ40 ሳይሆን በ44 ዓመቱ ነው።