ሦስተኛው ኑዛዜ

በማጂ ደጋ ላይ ካለችው ከቱም ከተማ አንድ ጽኑዕ ሕሙም ወደ ሚዛን አማን ሆስፒታል ሲወርድ ቤቱ ሁሉ አብሮ ይወርዳል፤ የቡናው ገንዘብ ከመቀነት ይፈታል፣ ላም ለገበያ ይወጣል፣ ለእድሩም ዳኛ ይነገራል። ከሚዛን ወደ ጅማ፣ ከጅማም ወደ አዲስ አበባ «ሪፈር» የተባለ እንደ ሆነ ግን፣ መኪናው ሳይነሣ ልጆችና ሽማግሌዎች በአጥሩ ሥር ተሰብስበው በለሆሳስ የሚመክሩት ምክር፣ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ያ በአልጋ ላይ የተኛው ሰው ብቻ የማይሰማው ምክር ነው። «አባባ እንዳይሰሙ፣ ይደነግጣሉ» ይባላል፤ ሐኪሙም ዝም እንዲል ይለመናል። መርዶን በማለዳ፣ ዘመድ አሰባስቦ መንገርን ያስተማረን ያው ርኅራኄ፣ ገና በሕይወት ያለውን ሰው ከገዛ ጉዳዩ ያገልለዋል።

ኑዛዜ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፍች አለው፤ አንዱ በንስሐ አባት ፊት ኃጢአትን መናዘዝ፣ ሌላው ሀብትን ለወራሾች ማደላደል ነው። ነፍስም ሀብትም እንዲህ ተናዛዥ አግኝተው ሳለ፣ በሁለቱ መካከል የሚሠቃየው ሥጋ ብቻ ቃል የሚተውለት አጥቶ ይኖራል።

ይህ በድኻ ቤት ብቻ የሚደርስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ፣ ራስ ተሰማ ናደውን እንደራሴ አድርገው በአዋጅ አስነገሩ፤ ዓመት ሳይሞላ በ1902 ዓ.ም. ጥቅምት ደዌው ጸንቶ አንደበታቸውን ያዘውና፣ እስከ ዕረፍታቸው እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ፣ መንግሥታቸውን በሙሉ ቃል የተናዘዙት ንጉሥ ስለ ገዛ ገላቸው የሚሉትን ማስረዳት ሳይችሉ አራት ዓመት ያህል ተኙ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ20ኛው አንቀጹ፣ ሰው የሕክምና ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እንቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ነገር ግን እንቢታ አንደበት ይፈልጋል። ይኸው ሕግ፣ ሞት እንደ ቀረበው የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል ተናዞ ስለ ቀብሩና ስለ ልጆቹ ሞግዚት እንዲያዝዝ ይፈቅዳል፤ ኑዛዜ ግን ሥራውን የሚጀምረው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ነውና፣ በመሣሪያ ለሚተነፍስ ሰው አይደርስለትም። በአሜሪካ ይህን ጕድለት የተመለከተ ሉዊስ ኩትነር የሚባል የቺካጎ ጠበቃ ሰው ስለ ሕክምናው አስቀድሞ የሚጽፈውን «የሕያው ኑዛዜ» አሳብ አቀረበ፤ የካሊፎርኒያ ግዛትም በ1976 እ.ኤ.አ. በሕግ ተቀበለችው።

ለእኛ፣ እንደ እኔ አሳብ፣ ከወረቀቱ የሚቀድመው የሰው ስም ነው፦ እኔ መናገር ሲሳነኝ ስለ እኔ የሚናገር ማን ነው? የሚመረጠውም አብዝቶ የሚወደን ልጅ ሳይሆን (እርሱ ጨክኖ መወሰን ይቸግረዋልና) ቃላችንን ሳይለውጥ የሚያደርሰው ቢሆን ይሻላል። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ብዙ አይደለም፤ ተስፋ ባለቀ ጊዜ በመሣሪያ መቆየትን እሻለሁ ወይስ አልሻም፣ አዲስ አበባ ልወሰድ ወይስ ካህኔና ጎረቤቴ ባሉበት ልረፍ፣ ለመዳን ላልሆነ ሕክምና የልጆቼ መሬት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ።

ከባድ ሕክምናን መተው ሕሙሙን መተው የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ መዳን የማይቻላቸውን ሕሙማን በየቤታቸው እየዞረ ይጐበኛል፤ ለጽኑ ሕመምም በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን አለ። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ሕመሜ ግን ይታገሥልኝ» የሚል መስመር አይቅር።

አንባቢ ሆይ፣ ጤና ሳለህ ልጆችህን ቡና ላይ ሰብስበህ ይህን ንገራቸው፤ ስምህን፣ የመረጥኸውን ሰው ስምና ቀኑን ጽፈህ፣ ሁለት ምስክር አስፈርመህ፣ ወረቀቱን ከጤና መድን ደብተርህ ውስጥ አኑረው፤ ወደ ሆስፒታል ስትሄድ መጀመሪያ የሚፈለገው ደብተሩ ነውና።