ስለ ፒኖክዮ መጽሐፍና ስለ ሲኒማው

በመጽሐፍ የተጻፈ ተረት ኋላ በሲኒማ ሲታይ፤ ብዙ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስሉታል። ነገር ግን ተረት ከጽሕፈት ወደ ሥዕል ሲሻገር የሚቀርበትም የሚጨመርለትም አለ። ልጆችን የሚያስተምር ሰው የቀረው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ዋናው ትምህርት በቀረው ውስጥ ይገኛልና። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆን ፒኖክዮ የሚባለውን የእንጨት ልጅ ታሪክ እንመልከት።

መጽሐፉን የጻፈው ካርሎ ኮሎዲ የተባለ የፍሎሬንስ ከተማ ተወላጅ ጣሊያናዊ ነው። ታሪኩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1881 እስከ 1883 ዓ.ም. በልጆች ጋዜጣ ላይ በየክፍሉ ሲወጣ ቆይቶ፤ በ1883 ዓ.ም. በ36 ምዕራፍ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ሲኒማውን ያወጣው አሜሪካዊው ዋልት ዲዝኒ ሲሆን፤ በእጅ ከተሣሉ እጅግ ብዙ ሥዕሎች ተሠርቶ በ1940 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ።

በመጽሐፉ የፒኖክዮ አባት ጄፔቶ እጅግ ድኻ ነው። በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚታየው እሳትና ድስት እንኳ የተሣለ ነው እንጂ እውነተኛ አይደለም። ልጁ ትምህርት ቤት እንዲገባ በበረዶ ወራት ያለችውን አንዲት አሮጌ ኮት ሸጦ የፊደል መጽሐፍ ገዛለት። ልጁ ግን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሙዚቃ ድምፅ ሰምቶ፤ የአሻንጉሊት ጨዋታ ለማየት ሲል ያን መጽሐፍ በ4 ሳንቲም ሸጠው። በሲኒማው ይህ ሁሉ የለም። የጄፔቶ ቤት ባማሩ ሰዓቶችና መጫወቻዎች የተሞላ ነው፤ ልጁም መጽሐፉን ይዞ ሲሄድ ቀበሮ አግኝቶ ያታልለዋል። በመጽሐፉ ልጁ የአባቱን ድካም በገዛ ፈቃዱ ሸጠ፤ በሲኒማው ግን ባለማወቁ ተታለለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ታላቅ ነው።

እንደዚሁም ስለ ፌንጣው ነገር። በመጽሐፉ የሚናገር ፌንጣ ልጁን ቢመክረው፤ ፒኖክዮ ተቈጥቶ መዶሻ ወርውሮ ገደለው። በሲኒማው ግን ያው ፌንጣ የልጁ ኅሊና እንዲሆን ተሹሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከተለዋል። ዲዝኒ ሥራው ከተጀመረ በኋላ አስቁሞ፤ ልጁ በተመልካች ዘንድ የሚወደድ እንዲሆን አለዘበው፤ የፌንጣውንም ድርሻ አሰፋው። ጋዜጣ ብዙ ጥፋትና ብዙ ቅጣት በየሳምንቱ ለመተረክ ይመቻል፤ 88 ደቂቃ ብቻ የሚቆይ ሲኒማ ግን ታሪኩን በአንድ ክር ማሰር ግድ ይሆንበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት በፍጻሜው ነው። በሲኒማው ፒኖክዮ አባቱን ከዓሣ ነባሪ ሆድ አውጥቶ ስለ እርሱ ሕይወቱን በመስጠቱ፤ ወዲያው ሕያው ልጅ ሆነ። በመጽሐፉም አባቱን ከታላቅ የባሕር ዓሣ ሆድ ያወጣዋል፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ ሰው አልሆነም። አባቱ ታሞ ስለ ነበር አንድ ብርጭቆ ወተት ለማግኘት 100 ባልዲ ውሃ በመዘውር ይስብ ነበር። ይህንንም ከአምስት ወር በላይ ማለዳ ማለዳ አደረገ፤ ቅርጫት መሥራትም ተማረ፤ ሌሊትም እንጨት እንደ ብዕር ቀርጾ በፍሬ ጭማቂ እየነከረ መጻፍን ተለማመደ። ለራሱ ልብስ መግዣ ያጠራቀመውንም ገንዘብ ተአምር ለምታደርገው ደግ ሴት መታመሟን ሰምቶ ላከላት። ሰው የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን ስንል ሲኒማውን ለመንቀፍ አይደለም። ሰነፎቹ ልጆች ወደ አህያነት ሲለወጡ የሚታይበት ክፍል፤ አንዱ ልጅ እናቱን እየጠራ ሲጮህ ጥላው በግድግዳ ላይ አህያ ሲሆን፤ ብዙ ቃል ከሚናገረው ይልቅ ልብን ያስደነግጣል። ሥዕል በቅጽበት ያሳያል፤ መጽሐፍ ግን ጊዜን ያስቈጥራል። አንድ የጀግንነት ሥራ በሲኒማ ያምራል፤ የአምስት ወር ድካም ግን በሥዕል ለማሳየት ይከብዳል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፤ ልጆች ሲኒማውን ቢያዩ አትከልክሏቸው። ካዩ በኋላ ግን የኮቷን ነገር ተርኩላቸው፤ የውሃውንም ባልዲ አስቈጥሯቸው። ሽማግሎችም ይህን ታሪክ በቤታችሁ አውሩት። ቀጥሎም፥ «ልጁን ሰው ያደረገው የአንድ ቀን ድፍረት ነውን፥ ወይስ የየማለዳው ሥራ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን እናንተ አትቅደሙ፤ ልጆቹ ራሳቸው ተከራክረው ያግኙት።