ላምባ በመጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ

ላምባ ለኩራዝም ለምድጃም ይጠቅመናል። ስንገዛው ግን ብዙዎቻችን ይዘን የምንሄደው ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ወይም የውሃ ሃይላንድ ነው። ቤት ሲደርስ ከምድጃው አጠገብ ወይም ከአልጋ ሥር ይቀመጣል። ነጩ ላምባ ሲያዩት ውሃ ይመስላል። የጠማው ልጅ አንሥቶ ይጐነጨዋል። ሽታው ያርቀዋል ብላችሁ አትመኑ፤ የሁለት ዓመት ልጅ የሚያየው ጠርሙሱን ነው።

ላምባ የጠጣ ልጅ ሲገኝ የተለመደው ምንድን ነው? ጣት ጉሮሮው ከቶ ማስመለስ ወይም ወተት መጋት ነው። እናት ይህን የምታደርገው ልጇን ለማዳን ብላ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ጥቂት ላምባ ሆድ ውስጥ ቢቆይ ብዙውን ጊዜ የከፋ ነገር አያመጣም። ወደ ላይ ሲመለስ ግን በአየር ቧንቧ አልፎ ሳንባ ይገባል። ላምባ ቶሎ የሚዛመት ፈሳሽ ስለሆነ ጥቂቱ እንኳ ብዙውን የሳንባ ክፍል ይጎዳል። ልጁ ያስለዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ሊሞትም ይችላል። ወተቱም ቢሆን ትውከት ያመጣል።

ስለዚህ አታስመልሱት። ላምባ የነካውን ልብስ አውልቁለት፤ ገላውን በውሃና በሳሙና እጠቡ። ቀጥ አድርጋችሁ አቅፋችሁ፣ ጠርሙሱንም ይዛችሁ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ደህና መስሎ ቢታይም ሂዱ። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊነሣ ይችላል።

ለላምባ የራሱ ጀሪካን ይኑረው። ክዳኑ ይጥበቅ፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። መጻፍ ተምረናልና «ላምባ ነው፣ አይጠጣም» ብለን እንጻፍበት። መቆለፉን ግን አንርሳ፤ ሕፃን አያነብም።

ቤንዚንማ የባሰ ነው። ላምባ እስኪሞቅ ድረስ ብዙ አይተንም፤ ቤንዚን ግን በብርድም ይተናል። ትነቱ ዓይን አያየውም። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ራቅ ካለ ምድጃ ይደርሳል። እዚያ እሳት ሲያገኝ ነበልባሉ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ዕቃውን ያያይዘዋል። የልብስ እድፍ በቤንዚን የሚያስለቅቅ ሰው እሳት በሌለበት ደጅ ወጥቶ ይሥራ። ቤንዚን በነበረበት ዕቃ ላምባ አትቅዱ፤ ጥቂት እንኳ ቢቀላቀል ኩራዙ ሊፈነዳ ይችላል። ኩራዝም ሆነ ምድጃ ላምባ የሚጨመርለት ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የፈሰሰ ላምባ ቢቀጣጠል ውሃ አትድፉበት። ውሃው ከሥር ይገባና እሳቱን ይዞት ይሄዳል። አሸዋ ወይም አፈር ይበተንበት።