መቆለፊያ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

(ስለ ኮምፒውተር አሠራር በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



አንድ የእህል መጋዘን በሐሳባችሁ ሣሉ። በበሩ አጠገብ አንድ መዝገብ አለ፤ በመዝገቡም ላይ «ያለው ጆንያ 50» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሚገባውን፣ ሌላው የሚወጣውን ይመዘግባል። በአንድ ጊዜ አንድ ጆንያ ገባ፤ አንድም ወጣ። ሁለቱም ጸሐፊዎች መዝገቡን ተመልክተው 50 አነበቡ። የመጀመሪያው አንድ ጨምሮ 51 ጻፈ፤ ሁለተኛው ደግሞ አስቀድሞ ካነበበው ላይ አንድ ቀንሶ በዚያው ቦታ 49 ጻፈበት። በመጋዘኑ ውስጥ ያለው 50 ጆንያ ሲሆን መዝገቡ 49 ይላል። ከሁለቱ አንዱም አልሰረቀም፤ አንዱም አልሰነፈም፤ ሁለቱም የታዘዙትን በትክክል ፈጽመዋል።

ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ይኸው ነው። ከኮምፒውተር ጋራ የሚሠሩት መሣሪያዎች፣ ማለትም ኪቦርዱ፣ ማተሚያው፣ ዲስኩና የኔትዎርክ ካርዱ፣ በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ የሚያዛቸውና የሚያስተናግዳቸው ፕሮግራም አላቸው። ይህም ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው መዝገቡን ማን ማን እንደሚነካው ነው።

በጽሑፍ ሲታይ «ቁጥሩን በአንድ ጨምር» የሚለው ትእዛዝ አንድ መስመር ነው። ፕሮሰሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት እርምጃ ይፈጽመዋል፤ ቁጥሩን ከማኅደረ ትውስታ ያነባል፤ አንድ ይጨምርበታል፤ መልሶም ይጽፈዋል። በነዚህ እርምጃዎች መካከል ሌላ ጸሐፊ ሊገባ ይችላል። ኮምፒውተሩ አያሌ ፕሮሰሰሮች ካሉት ሁለቱ በእርግጥ በአንድ ቅጽበት ይሠራሉ። «የኔ ኮምፒውተር ያለው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነውና ሥጋት የለብኝም» የሚል ሰው ግን ተሳስቷል። የኔትዎርክ ካርዱ መልእክት በደረሰው ጊዜ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ በመካከሉ አቋርጦ ወደሱ እንዲመለከት ምልክት ይሰጠዋል፤ ምልክቱ ኢንተራፕት ይባላል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ራሱ አንዱን ፕሮግራም ሥራውን ሳይጨርስ አቁሞ ሌላውን ያስነሣል።

ነገሩ በጆንያ ቢቀር ባልከፋ ነበር። በካናዳ የተሠራው ቴራክ 25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ ከ1985 እስከ 1987 (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካና በካናዳ ለስድስት ሕሙማን ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር ሰጥቷል፤ ከነሱም መካከል በዚሁ ጠንቅ የሞቱ አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ልክ እንደ መጋዘኑ መዝገብ ነበር። ባለሙያዋ የምትጽፈውን የሚቀበለው የፕሮግራሙ ክፍልና መሣሪያውን የሚያሰናዳው ክፍል አንዱን መረጃ በጋራ ሲጽፉና ሲያነቡ ተራ የሚያስጠብቃቸው አልነበረም። ማግኔቶቹ እስኪስተካከሉ 8 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ባለሙያዋ በዚያ ጊዜ ውስጥ የጻፈችውን ብታርም እርማቱ በስክሪኑ ላይ ይታያል እንጂ ለሚያሰናዳው ክፍል በሙሉ አይደርሰውም ነበር። በዝግታ የሚጽፍ መርማሪ ይህን ስሕተት ሊያገኘው አይችልም፤ ያገኘችው በሥራ ብዛት እጇ የፈጠነ ባለሙያ ናት። ከዚያ በፊት የነበረው ቴራክ 20 ከፕሮግራሙ ተለይቶ የሚሠራ የኤሌክትሪክ መከላከያ ስለነበረው እንዲህ ያለ አደጋ አላደረሰም፤ በቴራክ 25 ግን ኃላፊነቱ ለፕሮግራሙ ተተወ። ስለዚህ «ሞክሬው ሠርቷል» ማለት በዚህ ጉዳይ ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ መቆለፊያ ማለት አንዱ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ሳለ ሌላው እንዲቆይ የሚያደርግ ስምምነት ነው። ብዙ ጀማሪዎች «ይህን የፕሮግራም ክፍል ልቆልፈውን?» ብለው ይጠይቃሉ። በእኔ አስተያየት ጥያቄው ከመነሻው ጠማማ ነው፤ የሚጠበቀው መረጃው እንጂ ትእዛዙ አይደለምና። በእያንዳንዱ መረጃ ላይ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ይህን መረጃ ከአንድ በላይ የሆኑ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሊነኩት ይችላሉን? ከነሱስ አንዱ እንኳ ይጽፍበታልን? ሁለቱም መልስ «አዎን» ከሆነ ጥበቃ ያስፈልጋል። አንድ ተግባር ለራሱ ብቻ የያዘው ጊዜያዊ መረጃ መቆለፊያ አይሻም። ድራይቨሩ ገና ለሲስተሙ ሳይታወቅ የሚሰናዳውም እንዲሁ ነው፤ ሌላ ማንም አያየውምና። አንድ ጊዜ ተጽፎ ከዚያ ወዲያ የሚነበብ ብቻ የሆነም ነፃ ነው።

የሚያነበው ሰው ግን «እኔ አልጽፍም» ብሎ ነፃ አይወጣም። የመጣው መልእክት የሚገኝበት አድራሻና ርዝመቱ በሁለት ቦታ ተጽፈዋል እንበል። ጸሐፊው አድራሻውን ለውጦ ርዝመቱን ሳይለውጥ አንባቢው ቢደርስ አዲሱን አድራሻ ከአሮጌው ርዝመት ጋራ ይወስዳል፤ ከመልእክቱም ወሰን አልፎ የሌላውን ያነባል። ስለዚህ በመቆለፊያው መገዛት ያለባቸው ጸሐፊውም አንባቢውም ናቸው።

ምን ዓይነት መቆለፊያ? ሚውቴክስ የሚባለው የሚጠብቀውን ያስተኛዋል፤ ስፒንሎክ የሚባለው ደግሞ በሩ እስኪከፈት እዚያው እንደቆመ ደጋግሞ ያስሞክረዋል። ኢንተራፕትን የሚያስተናግደው ክፍል መተኛት ስለማይፈቀድለት የሚገባው ስፒንሎክ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ተራው ክፍል ስፒንሎኩን ይዞ ሳለ በዚያው ፕሮሰሰር ላይ ኢንተራፕት ቢመጣና ያንኑ መቆለፊያ ቢፈልግ፣ ፕሮሰሰሩ ቁልፉን በገዛ ኪሱ ይዞ በር ላይ ባለቁልፉን እንደሚጠብቅ ሰው ይሆናል፤ ለዘለዓለምም ይቆማል። ስለዚህ መቆለፊያው በተያዘ ጊዜ በዚያ ፕሮሰሰር ላይ ኢንተራፕቱን መዝጋት ግድ ነው።

መቆለፊያ ማብዛትም ሆነ ሁሉን በአንዱ መዝጋት መድኃኒት አይደለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ በ1991 ያወጣው ሊኑክስ፣ በ1996 አያሌ ፕሮሰሰሮችን ማስተናገድ ሲጀምር፣ የሲስተሙን እምብርት በአንድ ትልቅ መቆለፊያ ዘጋው፤ አንዱ ፕሮሰሰር ሲገባ ሌሎቹ ደጅ ይጠኑ ነበር። አስተማማኝ ነበር፤ ግን ዘገየ። ያን አንድ መቆለፊያ በትናንሽ መቆለፊያዎች እየተኩ ፈጽሞ ለማስወገድ እስከ 2011 ድረስ 15 ዓመት ፈጀ።

መቆለፊያው በበዛ ቁጥር ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። አንዱ ሀን ይዞ ለን ሲጠብቅ፣ ሌላው ለን ይዞ ሀን ይጠብቃል፤ ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። ይህ እንዳይሆን ሁሉም በአንድ ተራ እንዲይዙ ይደነገጋል። በ2006 ወደ ሊኑክስ የገባው ሎክዴፕ የተባለ መርማሪ፣ መቆለፊያዎቹ የተያዙበትን ተራ እየመዘገበ፣ ተራው ሲፋለስ መጠባበቁ እስኪደርስ ሳይቆይ ያስጠነቅቃል። በ2020 የተጨመረው ኬሲሳን ደግሞ ያለ ጥበቃ በአንድ ጊዜ የተነካ መረጃ ሲያገኝ ሁለቱንም ነኪዎች ከነመስመራቸው ያሳያል። ሆኖም ሁለቱም የሚመሰክሩት በፊታቸው ስለተፈጸመው ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ያልሄደበትን መንገድ አያዩትም።